በሰው እንጀራ መማር

አንባቢ ሆይ፤ መርካቶን ቀስ ብሎ ዞሮ ያየ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። በዚያ ሰፊ ገበያ የሚሠራው ሥራ ሁሉ መለማመጃ አለው። ስፌት የሚማረው ልጅ መጀመሪያ የሚሰጠው የአቡጀዲ ቁራጭ ነው፤ መቀሱ ቢስትበት የሚበላሸው ክንድ የማይሞላ ጨርቅ ነው። ቆርቆሮ ተራ ገብቶ መዶሻ የሚጨብጠው ጎረምሳ አሮጌ በርሜል ሲቀጠቅጥ ይውላል፤ ቢያጣምመው መልሶ ያቃናዋል። ሚዛን ላይ የሚቆመውም ልጅ ቢሳሳት ጌታው ከኋላው ሆኖ ያርመዋል፤ የጎደለው ስኳር በማንኪያ ይሟላል።

እንግዲህ ሰው ማስተዳደርን የሚማረው በምን ላይ ይለማመዳል? መቅጠርን፥ መመደብን፥ ፈቃድ መስጠትን፥ መገሠጽን፥ ማሰናበትን የሚማረው በየትኛው ቁራጭ ጨርቅ ላይ ነው? ይህን ጥያቄ እንዳነሣ ያደረገኝ የአንድ ወዳጄ ነገር ስለሆነ፥ ፈቃዱን ጠይቄ፥ የርሱንም የመሥሪያ ቤቱንም ስም ትቼ፥ የዛሬውን ዓምድ ለታሪኩ ሰጥቻለሁ።

ቁልፉ

ወዳጄ በኮሌጅ የተማረው ሒሳብ አያያዝ ነው። ከተመረቀ በኋላ በአዲስ ከተማ ጨርቃ ጨርቅና የቤት ዕቃ በጅምላ ከሚያከፋፍል አንድ የንግድ ቤት ገብቶ መዝገብ ይይዝ ነበር። ቤቱ ሁለት ሱቅ፥ አንድ ትልቅ መጋዘንና ሁለት የጭነት መኪና አለው፤ ሻጩ፥ ገንዘብ ያዡ፥ ሹፌሩ፥ ረዳቱ፥ ተሸካሚውና ዘበኛው ሲደመሩ ሠራተኞቹ ሠላሳ ስምንት ናቸው። ባለቤቱ ከታች ተነሥተው፥ በላባቸው የከበሩ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ሰኞ ጠዋት ወዳጄን ጠሩና «ልጄ፥ እኔ ደክሜያለሁ። ከዛሬ ጀምሮ የሰዎቹን ነገር አንተ ያዝልኝ» ብለው የአንድ መሳቢያ ቁልፍ ሰጡት።

«ጋሼ፥ እኔ እኮ የተማርኩት ሒሳብ ነው» ቢላቸው፥ «ታዲያ ሰው ከሒሳብ ይከብዳል?» ብለው ሳቁ።

መሳቢያውን ቢከፍተው ያገኘው ሦስት ነገር ነው፤ የደመወዝ መፈረሚያ ደብተር፥ በላስቲክ የታሰረ የመታወቂያ ቅጅ፥ እንዲሁም የዋስ ወረቀቶች። ማን መቼ እንደ ተቀጠረ፥ ማን ስንት ቀን ዕረፍት እንደ ወሰደ፥ ማን ለምን ሥራ እንደ ገባ የሚያሳይ አንድ ቅጠል አልነበረም። ያ ሁሉ የተጻፈው በባለቤቱ ራስ ውስጥ ነው። እርሳቸው የሠላሳ ስምንቱንም ሰው አገር፥ የልጆቹን ቁጥርና የጠባዩን ጉድለት በቃላቸው ያውቃሉ። እንዲህ ያለው እውቀት ግን በቁልፍ አይተላለፍም። ወዳጄም ሥልጣኑን ተረከበ እንጂ እውቀቱን አልተረከበም።

ዋሱ የሚያውቀውና የማያውቀው

መርካቶ ሰው የሚቀጥርበት የራሱ የቆየ ሥርዓት አለው። በጣሊያን ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፥ ገበያው ከአራዳ ከጊዮርጊስ አጠገብ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ከተወሰደ ወዲህ፥ ከጉራጌም ሆነ ከስልጤ፥ ከመንዝም ሆነ ከጎጃም የመጣው ወጣት ብዙውን ጊዜ ወደዚያ ገበያ የገባው በሰው በኩል ነው። የአገሩ ሰው ይቀበለዋል፤ ጫማ ይጠርጋል ወይም ዕቃ ይሸከማል፤ ታማኝነቱ ሲታይ ሱቅ ይገባል፤ ሱቅ ሲገባ ደግሞ ዋስ ወይም ተያዥ ይጠራል። ዋሱ «የዚህን ሰው እጅ አውቃለሁ፤ ቢያጠፋ እኔ አለሁ» ብሎ ይፈርማል። ወረቀቱ አንድ ገጽ ነው፤ ከበስተጀርባው ያለው ክብር ግን ብዙ ገጽ ነው። ዋሱን ማሳፈር አገርን ማሳፈር ነውና።

ይህን ሥርዓት የሚንቅ የተማረ ሰው ቢኖር ገበያውን አላወቀውም ማለት ነው። ዋስነት ፈጣን ነው፤ ርካሽ ነው፤ ሰውን ከሰው ያስተሳስራል። የሆነ ሆኖ ሦስት ነገር ይጎድለዋል። አንደኛ፥ ዘመድ የሌለው ሰው ብልህ ቢሆንም ከደጅ ይቀራል። ሁለተኛ፥ ዋሱ የሚመሰክረው ለእጅ ንጽሕና እንጂ ለሥራ ችሎታ አይደለም፤ የማይሰርቅ ሁሉ መጋዘን መጠበቅ ይችላል ማለት አይደለም። ሦስተኛውና ዋናው ግን ይህ ነው፤ ሠራተኛው ለጌታው ዋስ ይጠራል፤ ጌታው ለሠራተኛው ማንን ይጠራል?

የሚያስገርመው መርካቶ መጻፍ የማያውቅ ገበያ አለመሆኑ ነው። ዕቁቡ ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ ማን ጣለ፥ ማን ቀረ፥ ለማን ደረሰ የሚለው ሁሉ ይመዘገባል። ዕድሩ መተዳደሪያ ደንብ አለው፤ ከቀብር የቀረ አባል ስንት እንደሚቀጣ፥ ሐዘን ለደረሰበት ምን እንደሚከፈል ሰው ሁሉ ያውቃል። እንግዲህ ለቀብራችን መዝገብና ደንብ ያቆምን ሰዎች፥ ለእንጀራችን መዝገብ ሳናቆም መኖራችን እንዴት ነው?

አምስት ቀን

ወዳጄ ሥራውን በጀመረ በሁለተኛው ወር የሆነው እንዲህ ነው። በመጋዘኑ ሰባት ዓመት ያገለገለ አንድ ተሸካሚ ሰኞ ቀረ። ማክሰኞም ቀረ። ስልኩ ቢደወል አይሠራም። ወዳጄ ከጎረቤት ንግድ ቤት ጸሐፊ ጋር ቡና ሲጠጣ ነገሩን ቢያነሣ፥ ያ ሰው እንደ ዋዛ «አምስት ቀን የቀረ ይሰናበታል፤ ሕጉ ነው» አለው። አምስተኛው ቀን ዓርብ ነበር። ዓርብ ማታ ወዳጄ የሰውዬውን ስም ከደመወዝ ደብተሩ ላይ በቀይ ብዕር ሰረዘና፥ በማግሥቱ ሌላ ሰው አስገባ።

ሰውዬው በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት፥ ስድስት የሥራ ቀን ቀርቶ፥ ጥቁር ጨርቅ ባንገቱ አድርጎ መጣ።

«ስምህ ተሰርዟል» አለው ወዳጄ።

«እናቴን ቀብሬ ነው የመጣሁት፥ አለቃ። ሌሊት ተደውሎልኝ ወደ አውቶቡስ ተራ ስሄድ ለዘበኛው ነግሬው ነበር።»

ዘበኛው ያን ዕለት ማለዳ ተራውን ጨርሶ ሲወጣ መልእክቱን ረስቶታል። ወዳጄ ግን ዘበኛውን ጠርቶ አልጠየቀም። የቀረ ሁሉ የሚቀብረው ሰው አያጣም ብሎ አሰበና «ዋስህን ይዘህ ናና ሒሳብህን ተቀበል» አለው። ሰውዬው አልተከራከረም። ጥቂት ቆመ፤ ከዚያ ወጥቶ ሄደ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን ከእህል በረንዳ አንድ ሸበቶ ነጋዴ ዱላቸውን ተደግፈው መጡና ከወዳጄ ጠረጴዛ ፊት ተቀመጡ። የተሸካሚው ዋስ ኖረዋል።

«ልጄ፥ ያን ሰው እኔ ነኝ ያገባሁት። የጠፋ ዕቃ አለ?»

«የለም፥ አባባ።»

«ሰክሮ ያውቃል? ሰው ተጣልቷል?»

«የለም።»

«እንግዲያ በምን አሰናበትከው?»

«አምስት ቀን ስለ ቀረ ነው።»

ሽማግሌው ዝም ብለው ተመለከቱት። «እኔ ዋስ የሆንኩት ለእጁ ነው፤ ለእናቱ ዕድሜም ዋስ ኖሬያለሁ እንዴ?» አሉት። ከዚያም ሲነሡ «እኔ የርሱ ዋስ ነኝ። ለርሱስ ከናንተ ወገን ዋሱ ማነው?» ብለው ወጡ።

ወዳጄ ያን ዕለት ማታ የነጋሪት ጋዜጣ ቅጅ ይዞ ቤቴ መጣ። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ አስተማሪ ነኝ። ነገር ግን ማንበብ ለሁለታችንም አይሳነንምና ጎን ለጎን ተቀምጠን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አንቀጽ በአንቀጽ አነበብን።

አምስት ቀን የሚለው ቃል በርግጥ አለ። ግን ብቻውን አይደለም። ሠራተኛ ያለማስጠንቀቂያ ሊሰናበት የሚችለው፥ በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን ሲቀር፥ ይኸውም ስለ መቅረቱ አስቀድሞ በጽሑፍ ተነግሮት እያለ ሲሆንና፥ መቅረቱም አዋጁ ከሚፈቅዳቸው ፈቃዶች በአንዱ የማይሸፈን ሲሆን ነው። ጥቂት ገጽ ወረድ ስንል ደግሞ እናቱ፥ አባቱ፥ ልጁ፥ የትዳር ጓደኛው ወይም ሌላ የቅርብ ዘመዱ የሞተበት ሠራተኛ ሦስት የሥራ ቀን ከነደመወዙ ፈቃድ እንደሚያገኝ አገኘን። ከዚያም ቀጥሎ ከባድና ያልተለመደ ነገር ለደረሰበት ሠራተኛ እስከ አምስት ተከታታይ ቀን የሚደርስ ያለ ደመወዝ የሚሰጥ ፈቃድ አለ። ስድስቱን ቀን ብንቆጥረው ሦስቱ የሐዘን ናቸው፤ የቀሩት ሦስት ቀኖች አምስት እንኳ አይሞሉም። በጽሑፍ የተሰጠ ማስጠንቀቂያም በሰባት ዓመት ውስጥ አንድ አልነበረም።

ወዳጄ ወረቀቱን አስቀምጦ ብዙ ዝም አለ። ሕጉን ጨርሶ ያላወቀ ሰው ይጠይቅ ነበር። እርሱ ግን ግማሹን ሰምቶ ስለ ነበረ አልጠየቀም። በዓለም ላይ ካለማወቅ የሚከፋ ነገር ቢኖር የግማሽ ማወቅ ድፍረት ነው።

በማግሥቱ ነገሩን ሳይደብቅ ለባለቤቱ ነገራቸው። እርሳቸውም «ጥፋቱ የኔም ነው፤ ቁልፉን ስሰጥህ ሕጉን አልሰጠሁህም» አሉት። ሰውዬው ወደ ሥራው እንዲመለስ፥ የሦስቱ ሳምንት ደመወዝም እንዲከፈለው አዘዙ። ወዳጄ ዋሱን ይዞ ሲፈልገው ውሎ በጎጃም በረንዳ በቀን ሥራ ጆንያ ሲያራግፍ አገኘው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ነገር ግን በነዚያ ሦስት ሳምንታት ውስጥ ሰውዬው ለመንገድና ለቀብር የተበደረውን መክፈል አቅቶት፥ የቤት ኪራዩንም አጥቶ፥ ከመሳለሚያ አካባቢ ቤተሰቡን አንሥቶ ከከተማው ዳር ወጥቶ ነበር። ደመወዙ ተመለሰለት፤ ቤቱ ግን ለሌላ ተከራይቷል። እስከ ዛሬ ሥራ ለመግባት ከጎሕ በፊት ተነሥቶ ሁለት ታክሲ ይይዛል። የልብስ ሰፊው ተማሪ ስሕተት በቁራጭ ጨርቅ ይለካል፤ የወዳጄ ስሕተት የተለካው በዚህ ሰው የጠዋት እንቅልፍ ነው።

እኔም ወዳጄን ለመውቀስ አፌን አልከፈትኩም። በመጀመሪያው የማስተማር ዓመቴ አንድን ተማሪ «ሰነፍ» ብዬ በክፍል ፊት ካቆምኩት በኋላ ከኋላ ወንበር ሆኖ ሰሌዳው እንደማይታየው፥ መነጽርም እንደሚያስፈልገው ያወቅሁት ከብዙ ቀን በኋላ ነው። ሰው በሰው ላይ የሚማርበት ሥራ ሁሉ እንዲህ ነው፤ የትምህርቱን ዋጋ የሚከፍለው ተማሪው ሳይሆን ሌላው ነው።

ጀማሪዎቹም ያለ አስተማሪ ጀመሩ

እየሠሩ መማር በመርካቶ ብቻ የሚገኝ ጉድ እንዳይመስልህ። በእንግሊዝ አገር በዮርክ ከተማ የሚገኘው የራውንትሪ የቸኮላታ ፋብሪካ፥ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1896 ሜሪ ውድ የምትባል ሴት የሠራተኞቹን ደኅንነት እንድትከታተል ቀጠረ። ይህች ሴት ሥራውን የምትማርበት ትምህርት ቤት አልነበረም፤ የታመመ ሠራተኛ በመጠየቅና ችግራቸውን በመስማት ጀመረች። በየፋብሪካው እንዲህ ያለ ሥራ የያዙ ሰዎች በዚያችው ከተማ ተሰብስበው ማኅበር ያቆሙት በ1913 ነው፤ ዛሬ በእንግሊዝ አገር የዚህን ሙያ ፈተናና ማዕርግ የሚሰጠው ተቋም የዚያ ማኅበር ተወላጅ ነው። ልብ በል፤ ሥራው ቀደመ፤ ማኅበሩ ተከተለ፤ ትምህርቱ ከሁሉ በኋላ መጣ።

በአገራችንም ነገሩ ይህን ይመስላል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተው በ1943 ዓ.ም. ነው። የሕዝብ አስተዳደር ኢንስቲትዩት በተባበሩት መንግሥታት ዕርዳታ የተቋቋመው በ1940ዎቹ አጋማሽ ነው። የመንግሥት ሠራተኞችን ቅጥርና ደረጃ በአንድ ሥርዓት የሚመራ ማዕከላዊ የፐርሶኔል ኤጀንሲ የቆመው ደግሞ በ1954 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ደጅ ጥናትና የታላቅ ሰው ቃል ብዙ በሮችን ይከፍቱ እንደ ነበረ አባቶቻችን ይነግሩናል። እንግዲህ ያን አዲስ ኤጀንሲ ያቆሙት ጸሐፊዎችና ሹሞች ከነርሱ በፊት እንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት ስላልነበረ፥ እየሠሩ ከመማር በቀር ምን አማራጭ ነበራቸው? የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ1938 ዓ.ም. በረራ ሲጀምር አስተዳደሩን የያዙት ቲ.ደብሊው.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ። ኢትዮጵያውያን ከጎናቸው እየሠሩ ተማሩ፤ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኅኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ሃያ አምስት ዓመት ያህል መሆኑ ነው።

በነዚህ ምሳሌዎችና በወዳጄ መካከል ግን አንድ ልዩነት አለ። የአየር መንገዱ ተለማማጅ ከጎኑ የሚያርመው ሰው ነበረው። ወዳጄ የነበረው ቁልፍ ብቻ ነው። ስለዚህ «እየሠሩ መማር ጥሩ ነውን?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው፤ ወደድንም ጠላንም ብዙዎቻችን የምንማረው እንዲሁ ነው። ትክክለኛው ጥያቄ «እየተማርን ሳለ ስሕተታችን በማን ላይ ያርፋል? እንዴትስ ይቀልለታል?» የሚለው ነው።

አራት ምክሮች

አንተ ተማሪ የሆንክ አንባቢ፥ ወይም በቅርቡ ከመሥሪያ ቤት ገብተህ መዝገብ የምትይዝ ወጣት ጸሐፊ፥ «ይህ ለኔ ምኔ ነው?» ትል ይሆናል። አንድ ቀን አለቃህ ጠርቶ አምስት ሰዎች ከሥርህ ያደርጋል፤ የሚሰጥህም ቁልፍ እንጂ ትምህርት አይደለም። ወዳጄ ከደረሰበት በኋላ ለራሱ ያወጣውን ሥርዓት ስለዚህ እነግርሃለሁ።

አንደኛው፥ ሕጉን ከጽሑፉ ማንበብ ነው፤ ከቡና ጓደኛ አፍ አይደለም። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ከ1956 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 210 ጀምሮ ብዙ ጊዜ ተለውጧል፤ ቁጥር 42/1985ን 377/1996 ተክቶታል፤ እርሱንም 1156/2011 ተክቶታል። የጎረቤትህ እውቀት የየትኛው ዘመን እንደ ሆነ በምን ታውቃለህ? የዛሬው አዋጅ መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከስምንት፥ በሳምንት ከአርባ ስምንት ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል። የሙከራ ጊዜ ከስድሳ የሥራ ቀን አያልፍም። የዓመት ዕረፍት ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት አሥራ ስድስት የሥራ ቀን ነው። ለጡረታ ከሠራተኛው ደመወዝ ሰባት በመቶ ይቆረጣል፤ አሠሪው አሥራ አንድ በመቶ ይጨምራል። ይህን ሁሉ ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም፤ ሁለት ማታ ይበቃል። እዚህ ላይ የመንግሥት ሠራተኛ የሚተዳደረው በሌላ፥ በራሱ አዋጅ መሆኑን አትርሳ፤ በየትኛው ሕግ ሥር እንዳለህ ማወቅ የንባቡ መጀመሪያ ነው።

ሁለተኛው፥ መጻፍ ነው። በአዋጁ መሠረት የሥራ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ፥ አሠሪው በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ብዙ ሰው ይህን የወረቀት ሥራ ብሎ ይንቀዋል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ የደረሰውን የእሳት ቃጠሎ ግን እናስታውስ። ሱቅ ከነዕቃው ሲቃጠል ባለሱቁ ብዙ ያጣል፤ በእጁ አንድ ደብዳቤ የሌለው ሠራተኛ ደግሞ እዚያ ቤት ይሠራ እንደ ነበረ እንኳ የሚያሳይበት የለውም። ለሠራተኛው የተሰጠ ወረቀት ዋሱ ነው። የእህል ነጋዴው ለጠየቁት ጥያቄ መልሱም ይኸው ነው፤ ከአሠሪው ወገን የሠራተኛው ዋስ ሕጉና የተጻፈው ቃል ናቸው።

ሦስተኛው፥ ከመፍረድ በፊት መስማት ነው። ወዳጄ አሁን ማንንም ሰው፥ ቀርቶ የመጣውንም ቢሆን፥ ሳያስቀምጥና ሳይጠይቅ ምንም አይጽፍም። ቀዩን ብዕር ዓርብ ማታ አያነሣም፤ ቢቆጣ ያሳድረዋል። ዘበኛውን ጠርቶ ቢጠይቅ ኖሮ ያ ሁሉ በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር። ይህን ደግሞ አዋጅ ብቻ አያስተምርም፤ እዚህ ላይ የመርካቶ ሽማግሎች ከኛ ከተማርነው ይበልጣሉ። የዕድር ዳኛ ሁለቱን ወገን ሳይሰማ ቅጣት አይቆርጥም።

አራተኛው፥ ሲሳሳቱ ቶሎ መመለስ ነው። ሕጉ ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራው ለመመለስ የሚያቀርበው ክስ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ ይቀራል ይላል። ስለዚህ አንዳንድ ብልጣ ብልጥ አሠሪ ዝም ብሎ ጊዜውን ያሳልፋል። በዝምታ የተገኘ ማሸነፍ ግን መርካቶን በመሰለ፥ ሁሉ በሚተዋወቅበት ገበያ፥ ውሎ አድሮ ዋስ የሚሆን ሰው ያሳጣል። ወዳጄ ሰውዬውን ለመፈለግ በጎጃም በረንዳ የዞረበት ቀን በሥራው የተማረው ትልቁ ትምህርት ይመስለኛል፤ ስሕተትን በእግር ሄዶ ማረም።

እርግጥ ነው፤ ዛሬ የሰው ኃይል አስተዳደር በየዩኒቨርሲቲው ይሰጣል፤ ዕድሉ ያለው ይማረው። ነገር ግን ትምህርቱን የጨረሰ ሰው ሁሉ ወደ መጋዘን አይመጣም፤ በየመጋዘኑ ግን ሰው አለ። የሚመራቸውም ሰው ዛሬ ማታ ከሚያነበው ነገር የነገ ጠዋት እንጀራቸው ይወሰናል።

ባለፈው ወር ወዳጄን ልጠይቅ ወደዚያ መጋዘን ሄጄ ነበር። ከግድግዳው አጠገብ አንድ የብረት ሣጥን ቁም ሳጥን ቆሟል፤ ሠላሳ ስምንት ማኅደሮችም በቁጥር ተደርድረውበታል። ቁጥር አንድ የተሸካሚው ነው። የምሳ ሰዓት ነበርና ሰውዬው ራሱ እጁን እየጠራረገ ገባ። ወዳጄ ቀድሞ «አንተ» ሲለው የኖረውን ሰው አሁን «እርስዎ» እያለ ወንበር ሳበለት፤ የዓመት ዕረፍቱ ስንት ቀን እንደ ቀረው ለመጠየቅ ኖሯል የመጣው። ወዳጄ ማኅደሩን ከፍቶ ነገረው።

ሰውዬው አመስግኖ ሊወጣ ሲል ከደጁ ላይ ተመለሰና፥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፥ «የእናቴስ ነገር እዚያ ላይ ተጽፏል?» ብሎ ጠየቀ።

«ተጽፏል» አለው ወዳጄ፤ ገጹንም ገልጦ አነበበለት። «በእናት ሞት ምክንያት ሦስት የሥራ ቀን ፈቃድ፥ ከሙሉ ደመወዝ ጋር።»

ሰውዬው ራሱን ነቀነቀና ወደ ጭነቱ ሄደ።